ድምፁ የማይሰማው ጎረቤት

«እማ፣ እንጨቱ ውስጥ ማነው የሚያኝከው?» አለችኝ ልጄ ሊያ፣ ሀርጌሳ ዳር፣ አያሃ በሚባል ሰፈር በተከራየናት የቆርቆሮ ቤት ጆሮዋን ምሰሶው ላይ ለጥፋ።

«ጢንዚዛ ነው፤ ተኚ።»

እሷ ተኛች፤ እኔን ግን አባ ደምሌ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ጎጃም፣ የደብራችንን ደን የሚጠብቁት አባ ደምሌ ጎረቤታችን ነበሩ። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ተረት ሲያወሩልን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ኩራዙን የምትዞረውን የእሳት እራት በነጠላችን ጫፍ እንመታ ነበር። ያኔ አንድ ማታ እጄን ያዙኝ።

«ምን አደረገችሽ?»

«ፊቴ ላይ ታርፋለች።»

«እንግዲያ ስሚ» አሉና ጀመሩ። ጢንዚዛና የእሳት እራት ጫካ ውስጥ አንድ ዋንዛ ላይ ይኖሩ ነበር። የእሳት እራት ከሁሉ እየተጋጨች ስለምትረብሽ የዛፉ ወፎች ይረግሟታል፤ ጢንዚዛን ግን ድምፁ የማይሰማ ጨዋ እያሉ ያመሰግኑታል። ታዲያ ነፋስ እንኳ በሌለበት ቀን ዋንዛው ከነወፎቹ ጎጆ ተገነደሰ። «የእሳት እራት ብታብድ የምታቃጥለው የራሷን ክንፍ ነው፤ ጢንዚዛ ግን ሌላው የተጠለለበትን ይበላል» አሉን። እኛም ስቀን ተኛን።

እዚህ ሀርጌሳ ጎረቤቴ የሆነችው ፋጡማ ከሐረር የመጣች ናት። ሰው ቤት ሥራ ስሄድ ሊያን የምትይዝልኝ፣ ኢድንም ፋሲካንም አብራን የምትውል እሷ ነበረች። በዐቢይ ጾም ውሃ ልንቀዳ ተሰልፈን ሳለ፣ «አንቺ፣ ልጅቷን እኮ በጾም አከሳሻት፤ ጌታሽ ሕፃን ይጹም አላለም» አለችኝ በሰው ፊት። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ጀሪካኔን ሞልቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ «ደህና ዋልሽ» ብቻ ብዬ አልፋለሁ፤ ሊያንም ወደ ሥራ ይዣት እሄዳለሁ። ልጄ ከጓደኛዋ፣ ከፋጡማ ልጅ፣ ተለይታ ሰው ቤት ጥግ ተቀምጣ ትውላለች። በጸሎቴም «ጌታዬ፣ ታገስኩ» እል ነበር።

ሊያ ስለ ጢንዚዛው የጠየቀችኝ ማታ ግን ነገሩ ትዕግሥት መሆኑን ተጠራጠርኩ። ፋጡማ የልቧን በአፏ አወጣች፣ አለቀላት። ውስጥ ለውስጥ ስበላ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ የምበላውም ልጆቻችን የተጠለሉበትን ነው።

ሲነጋ ሊያን ይዤ የፋጡማን በር አንኳኳሁ።

«ስለ ጾሙ የተናገርሽኝ ከፍቶኛል» አልኳት፣ ደህና አደርሽ እንኳ ሳልል።

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ወላሂ፣ ይቺን ለመናገር ይህን ሁሉ ጊዜ? እኔ እኮ ምን በደልኳት እያልኩ ስብሰለሰል ነው የከረምኩት። በይ ግቢ፣ ልጅቷ ብርድ ላይ ናት።»

ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ገባሁ።