ጉልበት የሚበላው ዳማ

የኮምፒውተር ማራገቢያ ሲጮህ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። ቢሮ ውስጥ ማንም ከቁብ የማይቆጥረው ድምፅ ነው፤ እኔን ግን እንጅባራ ወዳለው ቤታችን፣ አባቴ ፈረሱን ሸጦ ለእህቴ ላፕቶፕ ወደገዛበት ዓመት ይመልሰኛል።

እህቴ ትርንጎ ባሕር ዳር የሕንፃ ንድፍ ትማር ነበር። የመጨረሻው ዓመቷ ሲጀምር፣ መስከረም ላይ፣ ያለ ላፕቶፕ መመረቂያዋን መሥራት እንደማትችል ስትነግረው፣ አባቴ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ዳማ ፈረሱን እየጋለበ ዳንግላ ወረደ። «ለጋሪ አልሸጥም» እያለ ገዢ ሲያማርጥ ውሎ፣ በመጨረሻ ለአንድ ገበሬ ሰጥቶት፣ ኮርቻውን ታቅፎ በሚኒባስ ተመለሰ።

ጥር ገብቶ ሰው ሁሉ ለጉግስ ወደ ሜዳ ሲወጣ አባቴ አጥር ሲጠግን ይውል ነበር። ለዕረፍት የመጣችው ትርንጎ ይህን አይታ አንጀቷን ቢበላት፣ ስክሪኑ ላይ ጋማው እየተበተነ ያለማቋረጥ የሚጋልብ ዳማ ፈረስ ጫነችለት። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊቱ ይቀመጥና «አሯሯጡ የእኛው ነው» ይል ነበር። አንድ ቀን «የእኛው እኮ ግንባሩ ቦቃ ነበር» ስለው፣ «አንቺ፣ አቧራው ሸፍኖት ነው» ብሎ ተቆጣኝ። ትርንጎም ፈረሱን ሳታጠፋው ላፕቶፑን ይዛ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።

ለፋሲካ ስትመጣ መመረቂያዋን ይዛ ነበር፤ ተመልካቹን በነደፈችው ቤት ውስጥ ከክፍል ክፍል የሚያዞር ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። ከበዓሉ ማግስት ካላስረከበች ምርቃቷ ለከርሞ ይተላለፍባታል። ላፕቶፑ ግን በር ሲከፈት ስታክ፣ ደረጃ ሲወጣ ስታክ እያደረገ፣ ምስሉ እየተቆራረጠ፣ ከታች እንደ ፍም እየጋለ አላሠራ አላት። እናቴ የእንጅባራ ብርድ እንዳይመታው ብላ ትርንጎ ከመጣች ጀምሮ በበግ ጠጉር ባና ስትጠቀልለው ሰንብታ ኖሮ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው ባናው ነበር። ባናው ተገፍፎ ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ማራገቢያው ተፈትቶ አቧራው ተጠረገ፤ እኔም በሰፌድ አራገብኩለት፤ ምንም ለውጥ የለም። የትርንጎ ፊት አመድ መሰለ። አባቴ በሩን ተደግፎ ቆሞ፣ «ታዲያ ዳማው በከንቱ ሄደ በይኛ» አለ።

በመጨረሻ የከፈተችውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘጋችው። ስክሪኑ ላይ የሚጋልበው ፈረስ ብቻ ቀረ፤ ማራገቢያው ግን መጮሁን አላቆመም። ያኔ ነገሩ ገባት። ለካ እሷ ሥራዋን ስትከፍት ፈረሱ ከበስተጀርባ መጋለቡን ስለማይተው፣ የላፕቶፑን የግራፊክስ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ኖሯል። ግን ለአባቴ እንዴት ትንገረው? አንገቷን ደፍታ፣ «አባዬ፣ አይቆጡኝ፤ ጉልበቱን የሚበላው ፈረስዎ ነው» አለችው።

አባቴ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና በሳቅ ፈነዳ።

«እሱ ድሮም ሆዳም ነው! ከቤት ወጥቶም መብላቱን አልተወም? አውጪው ልጄ፣ አውጪው!»

ስታወጣው ጩኸቱ ቀስ በቀስ በረደ፤ በሮቹም ሳይንተባተቡ እየተከፈቱ ቤቱ እስከ መጨረሻው ክፍል ታየ። እናቴ እልል አለች፣ ትርንጎ እየሳቀች አለቀሰች፤ እኔም እፎይታ ምን እንደሆነ ያን ቀን አወቅሁ። አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የቆመ ፈረስ ፎቶ አድርጊልኝ፤ የቆመ አይበላም አይደል?»

ያኔ ለአንድ ላፕቶፕ ቤተሰቡ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር፤ ዛሬ እኔ የምሠራበት ኮምፒውተር እንዲያ ያለ ፈረስ ቢጫንበት ድምፁም አይሰማም። ባለፈው እንጅባራ ሄጄ የሚጋልበውን መልሼ ልጭንለት እንደምችል ለአባቴ ነገርኩት። ትርንጎ ራሷ ነድፋ ባሠራችለት ሳሎን ተቀምጦ ዙሪያውን አየና፣

«ተይው» አለኝ። «ከእንግዲህ ወዴት ይሮጣል? ደርሷል እኮ።»