ጀርባውን ለደረጃው የሰጠ ዘበኛ

የሕንፃችን ዘበኛ ፊቱን ወደ ጎዳናው፣ ጀርባውን ወደ ደረጃው አድርጎ ይቀመጣል። የደንብ ልብሱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፤ ኮሌታው ላይ ግን ሁልጊዜ አንድ መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል። ከላይ የሚወርደውን ሰው ዞር ብሎ ሳያይ፣ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ወይም «እንደምን አደሩ እትዬ» ይላል። ስቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚለይ ስጠይቀው አልደበቀኝም።

«ወንድ ከደረጃው ጋር ጠብ ያለው ይመስል በተረከዙ ይደበድበዋል። ሴት ግን በእግሯ ጣቶች ዳበስ አድርጋው ነው የምታልፈው።»

ትናንት ጠዋት እንቅልፍ የወሰዳትን ልጄን ታቅፌ ወረድኩ።

«እንደምን አደሩ እትዬ» አለኝ፣ እኔን ወንዱን።

ሳቄ አመለጠኝ። ዞሮ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ልጅቷን አየ። የማፈር ነገር አላየሁበትም።

«አልተሳሳትኩም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የተኛ ልጅ የታቀፈ ወንድ ተረከዝ የለውም።»

«ይህን ደግሞ ማን ነገረህ?»

«ሦስት አሳድጌያለሁ፤ ለብቻዬ።»

ተነስቶ መጣና ከኮሌታው መርፌ ቁልፉን ነቅሎ፣ ከትከሻዋ የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ በአንድ እጁ አያያዘላት። ልጅቷ አልነቃችም። ወደ ወንበሩ ሲመለስ ጆሮዬን እርምጃው ላይ ጣል አደረግኩ። ምንም አይሰማም።