አክስቴ “ልግባ?” ያለች ቀን

አክስቴ ሙፈሪሃት የልጇን በር አንኳኩታ አታውቅም። ፈሂማ ዳውን ሲንድረም አለባት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ሳትነቅልባት ነው ያሳደገቻት። ባቡር መሳፈር በለው፣ ምድጃ ማጥፋት በለው፣ ሁሉንም ያስተማረቻት እሷው ናት። ባለፈው ወር ፈሂማ ሱንድቢበሪ የሚባል ሰፈር የራሷን ቤት አገኘች፤ ሠራተኞች ብቅ እያሉ የሚያግዟት ቤት ነው። አክስቴ ግን ቁልፉን አስቀርጻ ያዘች።

ቅዳሜ ዕለት ድስት ተሸክሜ ተከተልኳት። ከፍታ ዘው አለች። ፈሂማ ሶፋ ላይ ሻይ ይዛ ቁጭ ብላለች። ተነሳች፣ ቁልፉን ከእናቷ እጅ ወሰደች፣ “እማዬ፣ ውጪ። ደውይ!” አለችና ሁለታችንንም ገፍታ በሩን ዘጋችብን።

ወላሂ፣ ድስቱ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። አክስቴ ወደ ተዘጋው በር ዞረች። “እኔን? የወለድኳትን?”

ደወሉን እኔ ተጫንኩት።

“ማነው?” አለች ከውስጥ።

አክስቴ አኩርፋ ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ የሰው ድምፅ ማስመሰል እችልበታለሁ፤ አጎቶቼ እንኳን በስልክ ይሸወዳሉ። በአክስቴ ድምፅ፣ “እኔ ነኝ የኔ ማር፣ ክፈቺ” አልኩ።

“ታሪቅ፣ አንተ ውሸታም! እማዬ ራሷ ትናገር። ማን እንደሆነ ሳታውቂ አትክፈቺ ብላኛለች!”

አክስቴ ወደ በሩ ተጠጋች። ይህን ሃግሴትራ አብረው ሲኖሩ በር ላይ ስታለማምዳት አይቻለሁ። አክስቴ ግን ልጇ የገባት አልመሰላትም ነበር።

“ፈሂማ” አለች አክስቴ፣ “እናትሽ ነኝ። ልግባ?”

በሩ ተከፈተ። ፈሂማ እየሳቀች ድስቱን ተቀበለችኝ። ቁልፉን ግን አልመለሰችም፤ አክስቴም አልጠየቀቻትም።