የእማዬ ጣትና የሌዘሩ ኮንትሮለር

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። የጋለ ካውያ በጣቷ መታ መታ እያደረገች ስትሞክር ስለኖረች ዛሬ ጣቶቿ ሙቀትም መርፌም አይሰማቸውም። ስልክ ስትነካ ስልኩ ከቁም ነገር አይቆጥራትም። ለእህቷ መደወል ሲያምራት እኔን ትጠራለች፤ በጥሪ ብዛት ከስልኩ ቀድሜ ባትሪ የምጨርሰው እኔ ነኝ።

ስፌቱ ሲቀዘቅዝ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ግድግዳ ስታይ ከረመች። የማውቃት እናቴ ቀስ በቀስ ስትጠፋ ታየኝ፤ ፈራሁ። በዚያው ሰሞን ባሌ ለቦርሳ ቆዳ መቁረጫ ብሎ ከአንድ የተዘጋ ወርክሾፕ በጨረር የሚቆርጥ ያገለገለ የሌዘር ማሽን ገዛ። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው» ብሎታል። ባሌ ሰው ያለውን ሁሉ የሚያምን፣ እኔ ያልኩትን ብቻ የሚያጣራ ፍጡር ነው።

ከማሽኑ ጋር ሲታገል እማዬ ከጀርባው ቆማ እያየች ሰነበተችና አንድ ቀን «ዞር በል እስቲ» አለችው። ከዚያ ወዲህ እንደዞረ ነው። እሷ ቆዳውን ትዘረጋለች፣ ቁልፎቹን ሳታይ ትጫናለች፣ በመስኮት ጎረቤት እያማች ትቆርጣለች። ዳግም ሰው ሆነች።

ታዲያ አንድ ጠዋት ማሽኑ መቁረጫውን ጥግ ላይ ወትፎ አልነቃነቅም አለ። የጠራነው ቴክኒሻን ከፍቶ አሸተተና «ሞተሮቹ ደህና ናቸው። የሞተው ኮንትሮለሩ ነው፤ ማሽኑን የሚያዘው እሱ ነበር። ከሞተሮቹ ጋር የሚስማማ ሌላ ፈልጉ» አለን።

ሦስታችንም ሱቅ ሄድን። የሱቁ ሻጭ የሚስማሙትን ሁለት ኮንትሮለሮች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልን። አንዱ እንደ ድሮው ባለ ቁልፍ ነው፤ ስክሪኑም ትንሽና ግራጫ። ሌላው አንድም ቁልፍ የሌለው፣ በንክኪ ብቻ የሚሠራ፣ ትልቅ ባለ ቀለም ስክሪን ነው። ባሌ ይሄኛውን ሲያይ ዓይኑ በራ። እኔን ሲያጨኝ እንኳ እንደዚያ አላየኝም።

«ይሄ ነው! ቴሌቪዥን በሉት። እማማ፣ እስቲ ይሞክሩት።»

እማዬ ነካችው። ዝም። ጫን አደረገችው። ዝም። ጣቷን ምራቋን አስነክታ ሞከረች፤ ሻጩ ፊቱን አዞረ።

«ለስለስ አድርገው ይንኩት፣ እማማ» አለ ባሌ።

«ከዚህ በላይ ልሳመው?»

ሻጩ ለመንኪያ የሚሆን ልዩ እስክሪብቶ አለው አለ። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ቤቱን የምታምስ ሴት እስክሪብቶ ልትጠብቅ!

«ግድ የለም፣ እኔ እነካልዎታለሁ» አለ ባሌ።

እማዬ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከተተች። «እንግዲህ እናንተ ሥሩ። እኔም ሶፋዬ አለልኝ» አለች።

ባሌን ልነክሰው ምንም አልቀረኝም። አፌን ሳልከፍት ግን እማዬ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለችና ስክሪኑን በአፍንጫዋ ጫፍ ነካችው። ወዲያው ታዘዘ።

ባሌም ሻጩም በሳቅ ፈረሱ። «እማማ፣ ቆዳው ጭሶ ማሽኑን ቶሎ ማስቆም ቢያስፈልግስ? በአፍንጫዎ ነው?» አላት ባሌ እንባውን እየጠረገ።

«ጭሱን የሚያሸተው እሱ አይደል? እዚያው ያስቆመዋል።» እሷ አልሳቀችም። «ከማሽኑ አታንሱኝ እንጂ በአፍንጫዬም እሠራለሁ።»

የባሌ ሳቅ መንገድ ላይ ቀረ። ቴሌቪዥኑን አየት፣ እሷን አየት አደረገ። ከዚያ እንደታመመ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሻጩ «ባለ ቁልፉን ጠቅልልልን» አለው። ያን ቀን ወደድኩት፤ አልነገርኩትም እንጂ።

ቴክኒሻኑ ገጥሞ እንደጨረሰ ባሌ የመጀመሪያውን ቁልፍ ሊጫን እጁን ዘረጋ።

«ዞር በል እስቲ» አለችው እማዬ።

ደስ ብሎት ዞረ።