በሸሚዜ ያጠለለችው ቢጫ

ያ እሑድ ከእህቴ ጋር የተጣላሁበት ቀን ነው። ሌላ ምንም አልነበረበትም። የተጣላነውም በሸሚዝ ነው።

ለትምህርት ቤት የምለብሰው አንድ ነጭ ሸሚዝ ነበረኝ። ከሰዓት በኋላ ልተኩሰው ሳነሳው የኋላው ጫፍ የለም። በመቀስ ተቆርጧል። ጓዳ ገባሁ። ታላቅ እህቴ ቁራጩን በማርማላታ ጠርሙስ አፍ ላይ ወጥራ ቢጫ ውሃ ታጠልላለች።

«እትዬ፣ ይሄ የኔ ሸሚዝ ነው!»

«የቆረጥኩት እኮ ሱሪ ውስጥ የሚገባውን ነው። ማን ገልጦ ያይሃል?»

«ዩኒቨርሲቲ ማጥለያ ወረቀት የላችሁም?»

«ካለቀ ቆየ። አስመጪው መንግሥት ነው፤ ሂድና ጠይቅልኝ።»

እናታችን ከውጭ ሆና «ኧረ ቀስ በሉ፣ ሰው ይሰማል» አለች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቀልድ ጮክ ተብሎ አይነገርም።

እህቴ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበረች፤ ሦስተኛ ዓመት። መምህሯ ከአደይ አበባ ቢጫውን ለይታ በዱቄት መልክ እንድታመጣ አዝዟታል። አደይ ደግሞ አይጠብቅም። ከራስ መኮንን ድልድይ በታች ገደል ወርዳ ትለቅማለች፣ በአልኮል ትዘፈዝፋለች፣ አልኮሉን ታተንናለች። ሁለቴ በዱቄት ፈንታ ሙጫ ሆኖ ቀረባት። ይሄ ሦስተኛው ነው። አበባው እየረገፈ ስለነበር አራተኛ አይኖርም።

እኔ እየተናደድኩ እሷ ታስተምረኛለች። ያ ነው የሚያበግነኝ። የድሮዎቹ ኬሚስቶች ከቅጠልና ከቅርፊት ቢጫ ሲያወጡ ምን እንደያዙ አያውቁም ነበር አለችኝ። ከጠንካራ አልካሊ ጋር አቅልጠው ይሰባብሩታል፤ ከዚያ ስብርባሪውን አይተው ሙሉው ምን እንደነበር ይገምታሉ።

«የሚገርምህ፣ የብዙዎቹ ቢጫዎች መሠረት የሆነው ነገር ብቻውን ሲሆን ቀለም የለውም። ቢጫው የሚመጣው ላዩ ላይ ከሚንጠለጠለው ነው።»

«እኔስ ነገ ላዬ ላይ ምን ላንጠልጥል?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍል ስትሄድ፣ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና መታት። ዕለቱን ቀበርናት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ... አልጽፍም።

ማክሰኞ ጠዋት ቤቱ በለቅሶተኛ ሞልቷል። አንዲት ጎረቤታችን ጓዳውን ስታጸዳ ጠርሙሱን አንስታ አሸተተችው።

«ይሄ የተበላሸ ነገር ይደፋ?»

«አይድፉት!» ብዬ ጮህኩ።

«ምነው የኔ ልጅ፣ ለጠርሙስ?»

ነጥቄያት ወጣሁ። ሽቅብ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ሄድኩ። መንገድ ላይ ጠርሙሱን አየሁት፤ ሥሩ ላይ የቀረው እንደገና ሙጫ ነው።

መምህሯን ላቦራቶሪው ውስጥ አገኘሁት። ቀብር ላይ ነበር፣ አወቀኝ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አዘንብሎ አየው።

«ሙጫ ያደረገው ስኳር ነው» አለ። «አበባው ውስጥ ቀለሙ ከስኳር ጋር ተያይዞ ነው የሚኖረው። ከቀጭን አሲድ ጋር ሲፈላ ስኳሩ ይለቀዋል፣ ቢጫው ይዘቅጣል።»

«ይህን ለእሷ ነግረዋታል?»

«ራሷ እንድትደርስበት ብዬ ነው። የድሮዎቹም ለፍተው ነው የደረሱበት። በዚህ ሳምንት ካልሆነላት ልነግራት ነበር።»

በዚህ ሳምንት! አንድ ቃል እኮ ነው የቀራት። ለአንድ ቃል ያን ሁሉ ጊዜ ገደል መውረድ፣ ያን ሁሉ አበባ፣ የኔን ሸሚዝ። ልናገረው የፈለግሁት ብዙ ነበር። ግን ሰውን እርስዎ እያሉ መሳደብ አይመችም።

«አሁን ያፍሉት» አልኩት።

«ዛሬ? ሂድ እንጂ፣ ከእናትህ ጋር ተቀመጥ። እኔ ሌላ ቀን...»

«ሌላ ቀን አይሆንም።»

 አሲዱን ከመደርደሪያ አወረደ፣ እሳት ለኮሰ፣ ወንበር ሳበልኝ። አልተቀመጥኩም። ቢጫው እስኪዘቅጥ ድረስ አጠገቡ ቆሜ እጁን እጁን አየሁት።