የብሎን መስቀሉ መቃብር

ጠያቂ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ መልሱን እያወቀ ሰው ለማዋረድ ይጠይቃል፤ ሌላው መልሱን ካላገኘ እህል አይወርድለትም። የአቃቂው ፀሐዩ ሁለተኛው ነው።

በሰማንያ አምስት ዓ.ም. ከእምድብር በኩል መጥቶ አንድ ብረታ ብረት ፋብሪካ በበያጅነት ገባ፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ከማሽን ጋር ሲጯጯህ ኖረ። ጆሮው ደከመ፤ ድምፁ ግን ማይክ የማይፈልግ ሆነ። የካቶሊክ ቁምስናው ይህን አይቶ ገና ፋብሪካ እያለ ጸሐፊ አደረገው። እሑድ እሑድ ከመጨረሻው ቡራኬ በፊት ወጥቶ ማስታወቂያ ያነባል፤ የሚጋቡትን ይጠራል፤ ጸሎት የተጠየቀላቸውን ሙታን በስማቸው ያነሣል። ሚስቱ እታገኝ ሸሚዙን ቅዳሜ ተኩሳ ትሰቅልለታለች። ጡረታ ሲወጣ በዓለም ላይ የቀረው ማዕረግ ይቺው ንባብ ነበረች። ሰፈሩም «ጋሼ ፀሐዩ» የሚለው በእሷ ነው።

ቁምስናው ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ድሮ አንድ አለቃ ካህን ከበላይ የመጣ ደብዳቤ ደብቀው ምእመኑ በቡጢ ሊማታ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከበላይ ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ፖስታ እንደታሸገ ይቀመጥና ጸሐፊው ሕዝቡ ፊት ቀዶ ያነበዋል። አለቃውም ቢሆኑ የሚሰሙት ከሕዝቡ ጋር እኩል ነው።

ነገሩ የተነሣው በሁለት ሺህ አራት ዓ.ም. ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አሮጌ መካነ መቃብር ተነሥቶ አዳራሽ እንዲሠራበት ከበላይ ተወሰነ። ሠላሳ ሁለት መቃብር ነው፤ ዐፅሙ ተለቅሞ ባንድ ጉድጓድ ይገባል ተባለ። በቁምስናው ምክር ቤት ስብሰባ ላይ አንዱ፣ ስለ ወዳደቀ ቆርቆሮ የሚያወራ ይመስል፣ «ባለቤት የላቸውም እኮ» አለ።

«እነማን ናቸው ግን?» አለ ፀሐዩ።

አለቃ ካህኑ አባ ያደታ ቀና ብለው አዩት። «ተወው ፀሐዩ። ያለቀ ነገር ነው።»

ወይ አባ! ፀሐዩን ተወው ማለት ነገሩን ማባባስ አይደል? በማግሥቱ ጠዋት ደብተር ይዞ መቃብሩ መሀል ሲዞር ተገኘ። የእንጨቶቹ ጽሑፍ ታጥቧል፤ ድንጋዮቹ ሰምጠዋል። ከሁሉ ያስገረመው ከውኃ ሮቶው ሥር ያለው ነው። መስቀሉ ከባቡር ሐዲድ ብሎን የተበየደ ነው፤ ስም የለው፣ ቀን የለው። ፀሐዩ ተንበርክኮ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰው። ጎርበጥባጣ፣ የተንጠባጠበ፣ የባከነ ሥራ ነው። «ይሄን የበየደው በያጅ አይደለም» አለ ለራሱ። ታዲያ ያልቻለበትን ሥራ ማን አስገድዶት ሠራው? ስንት በያጅ ባለበት በአቃቂ!

ከበሰቃ መንገድ ዳር ኢንተርኔት ቤት ያለው የስልጤው ልጅ ዚያድ ወዳጁ ነው። ወደ እሱ ሄደ።

«ዚያድ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው፣ ማን እንደጻፈው ግን የማይታወቅ ነገር አለ?»

«የሽንት ቤት ግድግዳ ነዋ ጋሼ!» ብሎ ሳቀበት። ፀሐዩ ሲኮሳተር ጊዜ ወንበር ሳበለት። «ብሎግ ልክፈትልህ። አንዳንዴ ከአገር ውስጥ አልከፈት ይላል፤ ግድ የለህም፣ የጓሮ በሩን አውቀዋለሁ።»

የብሎጉ ስም «እዚህ ማን ተኝቷል?» ሆነ። ፀሐዩ ባንድ ጣቱ እየለቀመ፣ በየሳምንቱ ስለ አንድ መቃብር ይጽፍ ጀመር። ስሙን አላወጣም። ሽማግሌ ያየ እንደሆነ አያልፍም፤ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር ይጠይቃል። ሦስተኛው መቃብር የአዋላጇ የአስካለች ሆኖ ተገኘ፤ ግማሹን የአቃቂ ሰው ወደዚህ ዓለም የተቀበለች ሴት ናት። ዘጠነኛው ከጣሊያን መካኒክ ሙያ ተምሮ ያስተማረውን በቡጢ የጣለ ሰው ሆኖ ቁጭ አለ። ዚያድ ጽሑፉን እያተመ ይሰጣል፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ገባ።

አንድ ቀን ደግሞ ገበያ ውስጥ ቲማቲም የሚሸጡትን እማማ ጋዲሴን ጠየቀ። ፋብሪካው ሳይመጣ አገሩ የእርሻ ማሳ በነበረበት ዘመን እዚያው የተወለዱ ናቸው።

«በግንቡ ጥግ ያሉትን ሁለት ትንንሽ መቃብሮች ያውቋቸዋል?»

እማማ ጋዲሴ የያዙትን ቲማቲም አስቀመጡት። «ኢጆሌ ኮ» አሉ በኦሮምኛ፤ ልጆቼ ማለታቸው ነው። «መንታ ነበሩ። ቢራና ዲንቄ። ባለቤት የላቸውም ያለው ማነው? እኔ አለሁ አይደለም እንዴ?»

ፀሐዩ የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። የተናደደው በሰዎቹ ብቻ አልነበረም፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሙታን ስም ሲያነብ እነዚህን አለመጠየቁ አንገበገበው።

ሠላሳ አንዱ ተገኙ። የብሎን መስቀሉ ባለቤት ግን ወይ ፍንክች! ያየ የለም፣ የሰማ የለም።

እታገኝ ፈራች። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ምን አስለፈለፈህ? የደረሱብህ ቀን ንባብህን ይቀሙሃል። የሙት ስም ስትፈልግ የራስህን ልታጣ ነው?»

«እኔ የጠየቅሁት ማን ነው ብዬ ብቻ ነው።»

«እሱ ነዋ ጥፋቱ!»

አባ ያደታም በስብከታቸው መሀል ነገር ጣሉ። «ስለ ሰው ስም የሚጽፍልን ሰው አለ አሉ። የራሱን ስም ግን ደብቋል። ምነው? የሱ ስም ከሙታኑ ይበልጣል?» ሕዝቡ ሳቀ። ፀሐዩ ፊቱ ጋለ። ከሁሉ ያቃጠለው ደግሞ አባ ልክ መሆናቸው ነው።

ከዚያ ስብከት በኋላ በሦስተኛው እሑድ አትሮኑሱ ላይ የታሸገ ፖስታ ጠበቀው። እንደ ወጉ ሕዝቡ ፊት ቀደደውና በዚያ በጎርናና ድምፁ ማንበብ ጀመረ።

«በቁምስናችሁ ስለሚገኘው መካነ መቃብር፣ ማንነቱ ባልታወቀ ግለሰብ፣ በኢንተርኔት የሚሰራጨው ጽሑፍ ቤተ ክርስቲያን የማታውቀው ነው። ምእመናን ከማንበብና ከማባዛት እንዲቆጠቡ እናሳስባለን። ጽሑፉን የጻፈው ግለሰብ ማንነቱን ለአለቃ ካህኑ ያሳውቅ። ከዛሬ ጀምሮ በማናቸውም የቁምስናው አገልግሎት ላይ እንዳይሰማራ ተወስኗል።»

ኧረ ጉድ! ሰውዬው የገዛ ፍርዱን፣ በገዛ አፉ፣ አንዲት ቃል ሳይውጥ አነበበው። እታገኝ ከሴቶቹ ወገን በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ከእሷ በቀር ማንም ምንም አላወቀም። ወረቀቱን አጥፎ ቢወርድ እኮ በቃ፤ በሚቀጥለው እሑድም ተመልሶ ጋሼ ፀሐዩ ነው።

አልወረደም። የቀረው የሙታኑ ስም ነበር። የዚያ ሳምንት ዝርዝር አራት ስም ብቻ ነበረው፤ አራቱን አነበበ። ከዚያ ከኪሱ ደብተሩን አወጣ።

«አስካለች፣ አዋላጅ» አለ። ቀጠለ፤ ዐሥር ስም፣ ሃያ ስም። ጸሎት የጠየቀላቸው ቤተሰብ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ስሞቹን ደግሞ ዚያድ ከሚያትመው ወረቀት በስተቀር የትም አላዩአቸውም። አንገቶች አንድ በአንድ ወደ እሱ ዞሩ። «ቢራ እና ዲንቄ፣ የጋዲሴ መንታ ልጆች» ሲል እማማ ጋዲሴ ከኋላ ወንበር ብድግ አሉ። ቆመው ቀሩ። አጠገባቸው ያለው ሰው ተነሣ፤ ከዚያም ሌላው፤ ከዚያም ሁሉም።

«ሠላሳ አንዱ እነዚህ ናቸው» አለ ፀሐዩ። «የጻፍሁት እኔ ነኝ። አንድ ይቀራል፤ ከሮቶው ሥር ያለው፣ የብሎን መስቀል ያለበት። የሚያውቅ ካለ…»

አባ ያደታ ከመንበረ ታቦቱ አጠገብ ተነሥተው ወደ እሱ መጡ። ፀሐዩ ያለቀለት መሰለውና ደብተሩን ዘግቶ ዘረጋላቸው። አባ አልተቀበሉትም።

«ሰቦቃ ይባላል» አሉ።

ማይኩን ረስተውት ስለነበር ከፊት ያሉት ብቻ ናቸው የሰሙት። ደግመው ተናገሩ። «በግንቦት ሰማንያ ሦስት የተሸነፈው ጦር ሲበተን፣ አንድ ቁስለኛ ወታደር ሐዲዱን ይዞ መጥቶ በራችን ላይ ወደቀ። ገና አዲስ ቄስ ነበርኩ። እጄ ላይ ሞተ። አሸናፊዎቹ ለምን ደበቅኸው እንዳይሉኝ ፈርቼ ብቻዬን ቀበርኩት። መስቀሉንም ሰው እንዳያውቅ ብዬ መሣሪያ ተውሼ ራሴ በየድኩት፤ ብየዳ አልችልም።» ፊታቸውን ጠረጉ። «ከዚህ ተዛውሬ ሃያ ዓመት ቆይቼ ተመለስኩ። የፈራኋቸው ሰዎች እንኳ ረስተውኛል። እኔ ግን ዝም ማለቱን ለምጄዋለሁ። መቃብሩ ይነሣ ሲሉም ዝም አልኩ።»



«ደብዳቤው ግን ደብዳቤ ነው፤ የበላይ ቃል ነው» አሉ አባ ወደ ፀሐዩ ዞረው። «በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ሰው ያነባል። እኔም ስለ መቃብሩ ለበላይ እጽፋለሁ፤ ስሜን አስፍሬ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም።»

«እሺ አባ» አለ ፀሐዩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል የቆመበትን አትሮኑስ በመዳፉ ዳበስ አደረገው፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወደ ደረጃው አንድ እግሩን አወረደ።

ከዚያ ቆመ። ደብተሩን መልሶ ከፈተና እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ መዘዘ።

«ሰቦቃ ማን ይባላል፣ አባ? የአባቱ ስም?»