የማይጠቁረው እንጆሪ

ሁላችን አያ የምንላቸው አያቴ፣ ጣሊያን በወጣ በዓመቱ ከትክል ድንጋይ ገበያ ሲመለሱ ከመንገድ ዳር አንድ የእንጆሪ ችግኝ ነቅለው አመጡና ከጓሮ ተከሉት። እንጆሪ ሲበስል ይጠቁራል፤ የእሳቸው ግን እንደ ጠጅ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

አያ በኵራቱን ለቤተ ክርስቲያን ሳይሰጡ ፍሬ አይቀምሱም፤ ጥሬ ደግሞ አይሰጡም። ስለዚህ እስኪጠቁር በእሾህ አጠሩትና እኔን ከወፍ ጠባቂ አደረጉኝ። እኩዮቼ ገበያ ሲወርዱ እኔ ከአጥሩ ሥር ነኝ።

«አያ፣ ምነው ዛሬ እንኳ ብሄድ?»

«ገና ነው ልጄ፤ ጥቂት ጠብቂ።»

ፍሬው ግን በየዓመቱ ቢጫ እንደሆነ ይረግፋል።

አያ ሞተው አርባቸው ከወጣ በኋላ አጥሩን ከፍቼ ገባሁና አንዷን ነካ አደረግኋት። ሳልቆርጣት እጄ ላይ ወደቀች፤ ለስላሳ ናት፣ ማር ማር ትሸታለች። ለካ መልኳ ይኸው ነው፤ በየዓመቱ በስላ ኖሯል የምትረግፈው!

«አያ፣ በስሏል እኮ!» ብዬ ጮኽሁ። እሳቸው ይቀመጡበት ከነበረው ከደጁ መደብ ላይ ማንም የለም።

ወደ አፌ ሳስጠጋት ያ «ገና ነው» የሚሉት ድምፃቸው ያዘኝ። ጠብቂ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ አሁን ሂጂ የሚለኝ ማን ነው? ፍሬዋን ከሥሩ አስቀመጥኋትና እሾሁን ጎትቼ አጥሩን ዘጋሁት።

ከውስጥ መሆኔን ያየሁት ዘግቼ ስጨርስ ነው።